ወይን አምባ በር ላይ ማን ይቅደም

የኤልዳና ቤት በር በየጠዋቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ከእርስዎ በፊት የሚወጣ ሰው አለ?»

«የለም» ትላለች። በሩ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከፈታል። ጥያቄው ሁለት ሰዎች ለሚኖሩበት ቤት የተዘጋጀ ነው። ቤቱ የአንድ ሰው ሆኗል ብሎ ለበሩ መንገር ጊዜ አይፈጅም፤ ኤልዳና ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አልተመቻትም። የታሪክ መምህርት ናት፤ ሥራ ይበዛባታል።

የዚያን ሐሙስ ጠዋትም «የለም» ብላ ወጣች። ባሕር ዳር እንደ ወትሮዋ በየበሩ ቆማለች። ዳቦ ቤቱ ፊት አንድ ጎልማሳ አምባሻ ልግዛ ዳቦ ልግዛ ሲል በሩ «ወስነው ይመለሱ» ብሎታል፤ ሰውዬውም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እየተንጎራደደ ይወስናል። ጥርስ ሐኪም ቤቱ ፊት የተለመደው ሰልፍ አለ፤ ጉንጫቸውን የያዙ፣ መታከም እንጂ መግባት የማይፈልጉ ሰዎች። አንዳንዶቹ ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ናቸው፤ ተዋውቀዋል፤ ዕቁብም ጀምረዋል ይባላል።

አስተዋይ በሮች አገሩን ከሞሉት ወዲህ እያመነታ የሚገባ ሰው የለም። በሩ አፍን ይሰማል፤ የሚያምነው ግን ልብን ነው። ሕዝቡም ለምዶታል። እንግዳ ሲሸኝ በር ላይ ቆሞ እንደ አዲስ ወሬ መጀመር ቀርቷል፤ «በቃ ልሂድ» እያለ የማይሄደውን ሰው በሩ ለይቶ ስለሚያውቀው ወደ ሶፋው ይመልሰዋል። ሠርግም ወደ ሜዳ ወጥቷል። ድሮ የሙሽራዋ ሚዜዎች በር ላይ ተደርድረው ሙሽራውን አናስገባም እያሉ ይጨፍሩ ነበር። በአንድ ሠርግ ላይ ታዲያ ከሚዜዎቹ አንዷ የምሯን ኖሮ፣ በሩ እሷን ሰምቶ ተዘጋና ሙሽራውን ለሌላ ቀን ቀጠረው። ከዚያ ወዲህ የደፈረ የለም።

ልጆች በር ላይ እንዳይቆሙ ገና በዳዴ ጊዜያቸው ይማራሉ። ከፊታቸው ሽማግሌ ይኑር፣ ነፍሰ ጡር ትኑር፣ አልፎ መግባት ነው። ክፋት የለውም። አንድ ሰው ከቆመ በሩ ለሁሉም ይዘጋል።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስትደርስ ሃያ አራቱ ተማሪዎቿ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ነበር። የዘመኑ ልጆች ስማቸው ያረጀ ነው፤ ጎበዜ፣ አንጓች፣ ሽብሩ፣ ድንበሯ። አያቶቻቸው ናቸው ኤልዳናና ኬብሮን የሚባሉት።

ጉዞው ወደ ወይን አምባ ግንብ ነው። ግንቡ ከሐይቁ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል፤ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ለሠላሳ ዓመት ያርፋል። ድንጋዮቹ የሰው ትንፋሽ በዝቶባቸዋል ተብሏል። እስከዚያ ድረስ የሚገባ እግር የለም። ኤልዳና ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሠላሳና ስልሳ ሦስት ስንት እንደሚሆን ደምራ አይታዋለች፤ ለማንም አልተናገረችም። ለትምህርት ቤቱ የጉዞው ዓላማ «የጥንት ግንብ አሠራርን በአካል ማየት» ነው ብላ ነበር። ይህ እውነት ነው። የላይኛውን ክፍል አንድ ጊዜ እንደገና ማየት መፈለጓም እውነት ነው፤ እሱን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ደንቡ ለአንድ የተማሪ ቡድን ሁለት አዋቂ ይላል። ከወላጆች ሰባቱ አብረን እንሄዳለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ግን ሰባቱም ከየቤታቸው መውጣት አልቻሉም፤ በሮቻቸው ልባቸውን አውቀውባቸዋል። የመጡት የአንጓች አያት ብቻ ናቸው፤ ጡረተኛው ዳኛ ኬብሮን። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ከዘራ ይዘው የፊተኛው ወንበር ላይ ተሰይመዋል፤ ተቀምጠዋል ማለት አይበቃቸውም።

«እንደምን አደሩ፣ መምህርት» አሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

«ኧረ አይነሡ፣ ጋሼ! በእግዜር!»

«እንዴት አልነሣም!»

አውቶቡሱ በሁለቱ መነሣትና መቀመጥ ግራ ተጋብቶ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሾፌር የለውም፤ ሾፌር ቢኖረው ይገባው ነበር።

መንገድ ላይ ጎበዜ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። ጎበዜ በክፍሉ ሁሉን ነገር አንደኛ የሚያደርግ ልጅ ነው፤ አንደኛ ይጠይቃል፣ አንደኛ ይስቃል፣ አንደኛ ይቀጣል።

«ቲቸር፣ ያኔ የግንቡ በር የሚገባውን ሰው በምን ያውቀው ነበር?»

«ዘበኛ ነበረ። ሰው።»

«ሰውዬው በምን ያውቅ ነበር?»

«ይጠይቃል።»

«ቢዋሹትስ?»

«ይታለላል።»

ልጆቹ እንዲህ ያለ ጨለማ ዘመን እንደነበረ በመጽሐፍ ቢያነቡም ከሰው አፍ ሲሰሙት ሌላ ነው።

«ታዲያ ምን ዋጋ ነበረው?» አለ ጎበዜ።

ዳኛው ሳይዞሩ መለሱ፤ «እኔንም አርባ ዓመት ሲዋሹኝ ነው የኖሩት፣ ልጄ። ደሞዝ ይከፈለኝ ነበር።»

ወይን አምባ ሲደርሱ አውቶቡሱ ጎኑን እንደ ሣጥን ከፈተና ሁሉንም ባንዴ አወረዳቸው። የግንቡ ቅጥር ከጥቁር ድንጋይ ነው። በጥንቱ የቅስት በር መካከል ሁለት የመስታወት በሮች ጎን ለጎን ተተክለዋል፤ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ፤ እያንዳንዱ ለአንድ ሰው ልክ።

«ወደ ወይን አምባ ግንብ እንኳን ደኅና መጣችሁ» አለ በሩ። ድምፁ የተማረ ነው። «የዛሬው መግቢያ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ይህ ቡድን የመጨረሻው ነው።»

ልጆቹ እንደ ውኃ ፈሰሱ። ሃያ አራቱም ዳኛውን በግራና በቀኝ እየገፉ አልፈው ገቡ። በሩም ለሃያ አራቱ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም፤ የሚጠየቅ ነገር አላየባቸውም። ውጭ የቀሩት ሁለት አዋቂዎች ናቸው።

«ይቅደሙ፣ መምህርት» አሉ ዳኛው ባርኔጣቸውን አንሥተው።

«በፍጹም! እርስዎ ይቅደሙ፣ ጋሼ።»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ነውር ነው። አይሆንም።»

በሩ ጣልቃ ገባ። «ከእርስዎ በፊት የሚገባ ሰው አለ?»

«አለ» አለች ኤልዳና ወደ ዳኛው እያሳየች።

«አለ» አሉ ዳኛው ወደ ኤልዳና እያሳዩ።

በሩ የሁለቱንም ልብ መረመረ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

«ፈቃድ አልተለየም» አለና ተዘጋ።

እንደገና ሞከሩ። ኤልዳና በውስጧ «እሺ፣ ልግባ፤ ልጆቹ ይበልጣሉ» ብላ ቆረጠች። አንድ እግሯ ተራመደ። ከኋላዋ ከዘራ የያዙ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሰው ቆመው እንደቀሩ ሲታወቃት ግን ወገቧ ራሱ ጎንበስ ብሎ ወደ ጎን ዘወር አለ። በሩ ተዘጋ። ዳኛው በተራቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ወደፊት ሄዱ፤ ደፉ ላይ ሲደርሱ ዐይናቸውን ገልጠው «ይቅርታ፣ አልቻልኩም» አሉ። በሩ ተዘጋ። እኩል እንግባ ብለው ትከሻ ለትከሻ ቆሙ፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በሩ ሊከፈት ጀምሮ ነበርና ያልተለመደ ድምፅ አሰማ፤ ትንታ ይመስል ነበር።

ከመስታወቱ ወዲያ ልጆቹ ተሰብስበው ያያሉ። ድምፃቸው ይሰማል።

«እየተጣሉ ነው እንዴ?» አለ ጎበዜ።

«እየተከባበሩ ነው» አለች አንጓች። ቀጭን፣ ነገር የሚገባት ልጅ ናት፤ አያቷን ወደየቦታው የምታደርሰው እሷ ነች። «አባባ እኩያው ካለ በር አይገባም። ከእኔ ጋር ሲሆን እኔ እገባለሁ፣ እሱ ይከተላል። ከሰው ጋር ከሆነ ግን አለቀ። ባለፈው ከጡረተኛ ዳኞች ጋር ስብሰባ ነበራቸው፤ ዘጠኙም በረንዳ ላይ ዋሉ።»

«አንዱ ቢቀድም ሌላው ምን ይሆናል?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። ምንም አይሆንም፤ ግን አይሆንም።»

በሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ማሳሰቢያ፤ ሁለት አዋቂ ሳይኖር የገቡ ተማሪዎች በመውጫው በር ይሰናበታሉ። የወጣ ቡድን ተመልሶ አይገባም። ተማሪዎች፣ ወደ መውጫው።»

ኤልዳና ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። በመስታወቱ ውስጥ፣ ከልጆቹ ጭንቅላት በላይ፣ ከግንቡ ጥግ የሚጀምረው ደረጃ ይታያል። ከደረጃው ጫፍ የላይኛው ክፍል አለ። ይህን ያህል ቀርባ፣ በጨዋነት ምክንያት ልትመለስ ነው። እናቷ ቢያዩ ይኮሩባት ነበር፤ ይህም አላጽናናትም።

ልጆቹ መውጫው ፊት ተሰለፉ። አንደኛው ጎበዜ ነበር፤ ሌላ ማን ይሆናል።

«ቆይ!» አለች አንጓች። «እንደነሱ ብናደርግስ? በሩ ሁለት ሰው ሲከባበር አይሰማሙም ብሎ ይዘጋል። ከተዘጋ አያስወጣንም።»

ጎበዜ ሐሳቡን ወደደው። ወደ ሽብሩ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «ሽብሩ፣ ወንድሜ፣ ቅደም።»

«ፈቃድዎ ተለይቷል» አለው በሩ። «ሽብሩ እንዲቀድም አይፈልጉም። ይውጡ።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ጎበዜ ቀላ። «ስሜን አጠፋው እኮ! ከልቤ ነው ያልኩት!»

«ከልብህ አይደለም፤ አንተ መቼ ሰው አስቀድመህ ታውቃለህ!» አለው ሽብሩ።

«አንተስ?»

«እኔማ ሁሌም ስትቀድመኝ ነው የኖርኩት፤ የመጣብኝ ልምድ ነው እንጂ ፈቅጄ አይደለም።»

አንጓች እጇን አጨበጨበች። «ስሙኝ። አንደኛ የሚወጣው ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። የመጨረሻው የሚወጣው ሁሉም እስኪያልቅ ድረስ ግንቡን ሲያይ ይቆያል። ገባችሁ?»

ገባቸው። ሃያ አራት ልጆች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ከየአቅጣጫው ድምፅ ተነሣ።

«ቅደሚ፣ ድንበርዬ!»

«ኧረ አንተ ቅደም!»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ነውር ነው!»

«ታላቄ ነህ፣ በሁለት ወር ትበልጠኛለህ፤ ቅደም!»

በሩ የሃያ አራቱንም ልብ መረመረ። ሁሉም ሌላው እንዲቀድም ከልባቸው ይመኙ ነበር። ጎበዜም ሳይቀር። ትሕትና በዚህ አገር እንዲህ ተጀምሮ ይሆን አይሆን ኤልዳና በታሪክ መምህርትነቷ ማረጋገጫ የላትም፤ ግን አልገረማትም።

«ፈቃድ አልተለየም» አለ መውጫው። ከጎኑ ያለው መግቢያ «ፈቃድ አልተለየም» ብሎ ደገመለት። ማንም ሰው ሳይወስን በር እንዲያልፍ አይደረግም የሚለው ሕግ የበሮቹ የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ እንኳን ሃያ አራት፣ አንድም ልጅ መግፋት አይችሉም።

«ተማሪዎች እስኪወስኑ ይጠበቃል» አለ በሩ በመጨረሻ። ቀጥሎም ውጭ ወደቀሩት ዞረ፤ ድምፁ ትንሽ ለስልሶ ነበር። «የመግቢያው ሰዓት ሊያበቃ ጥቂት ቀርቷል። እባካችሁ፣ ከሁለት አንዳችሁ።»

ዳኛው ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «መምህርት፣ ነገሩን በሥርዓት እንየው። ቁጭ ይበሉ።»

«እርስዎ ቁጭ ይበሉ።»

«እባክዎ፣ ይኼንንማ እኩል እንቀመጥ።»

እኩል ተቀመጡ፤ ከቅጥሩ ሥር ረጅም ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩም ምንም አልጠየቀም።

«የእርስዎ ወገን ክርክር ምንድን ነው?» አሉ ዳኛው።

«ታላቅ ነዎት። አባቴ ይሆናሉ ማለት ባልችልም ታላቅ ወንድሜ ይሆናሉ።»

«ተመዝግቧል። የእኔ ወገን እንዲህ ይላል፤ እርስዎ መምህርት ነዎት፤ መምህር ዕድሜ የለውም። ሁለተኛ፣ ሴት ቀድሜ በር ገብቼ አላውቅም፤ ባለቤቴን ጨምሮ። እሷ ግን በር ላይ ብቻ ሳይሆን በጠብም ትቀድመኛለች። ሦስተኛ፣ ጉዞው የእርስዎ ነው፤ እኔ ተከታይ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ዳኛም ጠበቃም መሆን አይቻልም።»

«እውነት ነው» አሉ ዳኛው። «ችሎቱ ፈረሰ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከመስታወቱ ወዲያ «ኧረ አንቺ ቅደሚ!» ይሰማል። ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ይህን ጉዳይ የምትጨርስ አንድ ቃል እንዳለች ያውቃሉ። ከጠዋት ጀምሮ አፌ ላይ ናት። ለእርስዎ ግን አላወጣትም።»

ኤልዳና የትኛዋ ቃል እንደሆነች አልጠየቀችም። ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ አንድ ባልደረባዋ ድፎ ቆርሶ «በሞቴ ቅመሺ» ብሏት ነበር። ኤልዳና ዳቦውን ሳትቀበል፣ ፊቷም ሳይለወጥ፣ ተነሥታ ወጣች። የአዳራሹ በር እንደዚያን ዕለት ፈጥኖ ተከፍቶላት አያውቅም። ነገሩ በከተማው ተወርቶ ነበርና ማንም ያቺን ቃል ለእሷ ደግሞ አያወጣም።

«አንጓች ነግራዎት ይሆናል» አለች።

«አንጓች ምን ያልነገረችኝ አለ።»

ኤልዳና ወደ ደረጃው አየች። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ተናገረች። «በተማሪነቴ እዚህ መጥቻለሁ። እንደነዚህ የአንድ ቀን ጉዞ ነበር። የላይኛው ክፍል በር ጠባብና ዝቅ ያለ ነው፤ ንጉሡ የሚገባው ሁሉ እጅ እንዲነሣ ብሎ ነው ይባላል። በሩ ላይ ከአንድ ተማሪ ጋር ተገናኘን። ቅደሚ አለኝ፤ ቅደም አልኩት። ደረጃው ላይ ከኋላችን የነበሩት ይጮሁብናል። እሱ ግን አልሰማም፤ ለሰው መጮኽ ደንታ አልነበረውም። በመጨረሻ ያቺን ቃል አወጣት። ገና ስሙን ሳላውቀው።»

«ቀደሙ?»

«ምን አደርጋለሁ? ቀደምኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት በየበሩ ሁሉ አስቀደመኝ። በአንዱ በር ላይ ብቻ ሳይጠይቀኝ ቀደመ።»

ዳኛው ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው መልሰው ደፉ። በሥራ ዘመናቸው መቼ መናገር እንደሌለባቸው የሚያውቁ ዳኛ ነበሩ ይባላል፤ እውነት ነው።

«ማሳሰቢያ፤ መግቢያው ሊዘጋ ነው» አለ በሩ።

ኤልዳና ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። ዳኛውም ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን ሊያነሡ እጃቸው ሲሄድ ቀደመቻቸው።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይቅደሙ።»

የዳኛው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከመስታወቱ ወዲያ አንጓች «ውይ!» ስትል ተሰማ። እንዲህ ከተባለ ወዲያ እምቢ ማለት የለም፤ ይህን በሩም ሳይቀር ከፊታቸው አነበበው። ዳኛው የኤልዳናን ፊት አዩ፤ የምሯን ነበር፤ ፈገግታም ነበረበት።

«እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው» አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ገቡ። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ኤልዳና ብቻዋን ቀረች። ከኋላዋ ማንም የለም፤ ከጎኗም የምታስቀድመው የለም።

«ከእርስዎ በፊት የሚገባ ሰው አለ?» አለ በሩ።

«የለም» ልትል አፏን ከፈተች። ስድስት ዓመት ያለችው ነው፤ ምላሷ ያውቀዋል።

«ነበረ» አለች። «ገብቷል።»

በሩ ልቧን አየ፤ ውሸት አላገኘበትም። ሳይዘገይ ተከፈተ።

ሁለቱ አዋቂዎች ከገቡ በኋላ ቡድኑ ሕጋዊ ሆነ፤ መውጫው «የስንብቱ ጉዳይ ቀርቷል» ብሎ ልጆቹን ለቀቃቸው። ልጆቹ ግን ጨዋታው አልለቀቃቸውም። ደረጃው ሥር «ቅደም»፣ ደረጃው መሃል «ቅደሚ»፣ እየተባባሉ፣ የጀመሩት ለጥቅም እንደነበረ እየረሱት ወጡ። ጎበዜ ለሽብሩ ሦስት ጊዜ ቦታ ለቀቀለት፤ ሽብሩ ታሞ እንደሆነ ጠየቀው። ዳኛው ጉልበታቸው ደረጃ አይወድምና ከታች በአንድ ድንጋይ ላይ ተሰየሙ።

ኤልዳና ከላይ ስትደርስ ሃያ አራቱም በጠባቧ በር ፊት ተጨናንቀው፣ ጸጥ ብለው ቆመው ነበር። በሯ ያው ናት፤ ዝቅ ያለች፣ ድንጋይዋ በትከሻ ብዛት የለሰለሰ። የጥንት ድንጋይ መብሳት ክልክል ስለሆነ ምንም አልተገጠመባትም፤ መዝጊያም የላትም። ክፍት ናት።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች ኤልዳና።

«አልጠየቀንም፣ ቲቸር» አለች ድንበሯ በሹክሹክታ።

«አትጠይቅም። ዝም ብሎ መግባት ነው።»

«መፈለጋችንን በምን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ልጆቹ በሯን በአክብሮት አዩዋት። በሕይወታቸው ልባቸውን ሳያይ የሚያስገባቸው በር ይህ የመጀመሪያው ነው። አንዳንዶቹ ትንሽ የፈሩ ይመስላሉ። ከዚያ አንጓች ወደ ግድግዳው ተጠግታ መንገድ ለቀቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። በደረጃው ግራና ቀኝ ተለጥፈው፣ ከታች እስከ በሯ ድረስ፣ መሃሉን ባዶ አደረጉት።

«ቲቸር፣ ይቅደሙ።»

«እናንተ ቅደሙ። እኔ አይቼዋለሁ።»

«ይቅደሙ እንጂ!»

«አይሆንም፤ እናንተ ናችሁ ያላያችሁት።»

ክርክሩ ሊጀመር ነበር። ጎበዜ ግን ዛሬም አንደኛ መሆኑ አልቀረም። ከታች በመስታወቱ ውስጥ የሰማትን ቃል ሙሉ ኃይሏን ሳያውቅ፣ ብቻውን እንዳያወጣትም ፈርቶ፣ እጁን ወደ ጓደኞቹ ሁሉ እየዘረጋ ጮኸ።

«በሞታችን ይቅደሙ!»

«በሞታችን!» አሉ ሃያ አራቱም።

እንዲህ ያለ መሐላ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አይታወቅም። ኤልዳና ደረጃው ላይ ቆማ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ የሳቅ ስለሆነ አልደበቀችውም። ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ የድሮው ንጉሥ እንደፈለገው እጅ ነሥታ፣ ገባች።

ክፍሉ ባዶ ነው። ያኔም ባዶ ነበር። አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ወዲያ ሐይቁ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለ ፈቃድ የገባች አንዲት እርግብ። ኤልዳና ወደ መስኮቱ ሄዳ እጇን ድንጋዩ ላይ አኖረች። ከኋላዋ በሯ ላይ «ቅደም»፣ «ኧረ ቅደሚ»፣ «ታላቄ ነህ እኮ» ተጀመረ፤ አንድም ልጅ አልገባም። ስለዚህ ክፍሉን ብዙ ጊዜ ለብቻዋ አገኘችው። አቅደውት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሳካላቸውም ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታዘነብል ከታች የበሩ ድምፅ መጣ፤ የተማረው ድምፅ ትንሽ ደክሞት ነበር።

«የጉብኝት ሰዓት አብቅቷል። ከእርስዎ በፊት የሚወጣ ሰው አለ?»

«አለ!» አሉ ሃያ አራት ልጆች፣ እርስ በርሳቸው እየተጠቋቆሙ።

«አለ» አሉ ዳኛ ኬብሮን ከደረጃው ሥር።

ኤልዳና ከመስኮቱ ዘወር አላለችም።

«አለ» አለች እሷም።